ኮምፓይል ሆኖ ሲነሳ የሚወድቅ ፕሮግራም፦ የአድራሻው ግማሽ የት ሄደ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ከዓመታት በፊት በሲ ቋንቋ የጻፉትን የአማርኛ መዝገበ ቃላት መፈለጊያ ፕሮግራም እንዳሻሽል ሰጡኝ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሜክ ብዬ ኮምፓይል አደረግኩት። ምንም ኤረር የለም። ሳስነሳው ግን ወዲያው ሴግመንቴሽን ፎልት ብሎ ይወድቃል። ጓደኛዬ ኡቡንቱ 14.04 ያለበት አሮጌ ላፕቶፕ አለው፤ እዚያ ላይ ያው ኮድ ያለ ችግር ይሰራል። ሱዶ ዲሜሴጅ ስል ‹ሴግፎልት አት 74938480› የሚል መስመር አየሁ፤ ወደ መጨረሻው ‹ኤረር 4› ይላል። ቁጥሩ በየጊዜው ይለያያል። አንዳንዴ በብዙ ኤፍ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይሆናል። ኡቡንቱን እንደ አዲስ ልጫነው?»

ወንድሜ፣ ኡቡንቱህን አትንካው። ደህና ነው። ያን መስመር ከዲሜሴጅ፣ ከሲስተሙ መልእክቶች ማሳያ፣ ገልብጠህ ስለላክህ ደግሞ አመሰግንሃለሁ። ብዙ ጠያቂ «ክራሽ ያደርጋል» ብቻ ብሎ ይተወዋል። የአንተ አንድ ቁጥር ግን ከአንድ ገጽ ማብራሪያ በላይ ነግሮኛል።

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደምትጽፋቸው ታውቃለህ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። ኮምፓይለር ኤረር አላሳየም ማለት ፕሮግራሙ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የተጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ መመለስ ቻለ ማለት ብቻ ነው። «ከፒያሳ አራት ኪሎ ለመሄድ ወደ መርካቶ ውረድ» ብዬ ብጽፍልህ ሰዋስዉ ምንም እንከን አይወጣለትም። እንደተባለው የሄደ ሰው ግን አራት ኪሎ አይደርስም። ያንተም ፕሮግራም እንዲሁ ነው። አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተ አድራሻ ይዞ ይሄዳል፣ ቦታው ባዶ ይሆንበታል፣ ከርነሉ (የሊኑክስ አስኳል) ያስቆመዋል። ሴግመንቴሽን ፎልት የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። «አት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው ፕሮግራሙ ሊደርስበት የሞከረው የሚሞሪ አድራሻ ነው፣ በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ አሃዞች፣ የተጻፈ። «ኤረር 4» ማለት ደግሞ ሊያነብ ሞክሮ ቦታው አልተገኘም ማለት ነው። 6 ቢሆን ኖሮ ሊጽፍ ሞክሮ ነበር ማለት ነው። አድራሻው ዜሮ ወይም ለዜሮ በጣም የቀረበ ቢሆን «ባዶ ፖይንተር (አድራሻ መያዣ) ነው፣ ፋይሉ አልተከፈተም ይሆናል» ብዬ ወደዚያ እሄድ ነበር። ያንተ ግን ዜሮ አይደለም። አሃዞቹን ቁጠራቸው። ስምንት ናቸው።

ስምንት የሄክሳ አሃዝ 32 ቢት ነው። ባለ 64 ቢት ኡቡንቱ 22.04 ላይ ግን በማሎክ (ሚሞሪ በሚጠየቅበት የሲ ፈንክሽን) የተወሰደ ሚሞሪ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ አስራ ሁለት አሃዝ አለው፣ በ55 ወይም በ56 ይጀምራል። ስለዚህ አንተ ዘንድ የታየው ሙሉ አድራሻ ሳይሆን የአንድ አድራሻ የታችኛው ግማሽ ነው። የላይኛው ግማሽ መንገድ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። አንዳንዴ በብዙ ኤፍ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ታያለሁ ማለትህ ደግሞ ጥርጣሬዬን አጠናከረልኝ። የቀረው ግማሽ የመጀመሪያ ቢቱ 1 ከሆነ ማሽኑ ቁጥሩን እንደ ኔጌቲቭ ይቆጥረውና ፊቱን በኤፍ ይሞላዋል። ሁለቱም መልክ የአንድ በሽታ ምልክት ነው።

ማን ቆረጠው? ኮድህን አላየሁትም። ግን እንዲህ ዓይነት ቁርጥ አድራሻ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠረጥረው ያልታወጀ ፈንክሽን ነው።

እንዲህ ነው ነገሩ። ሲ ቋንቋ ድሮ አንድ ልማድ ነበረው። ስለ አንድ ፈንክሽን ምንም ሳይነገረው ስትጠራበት ኮምፓይለሩ አይቆጣም። «ኢንቲጀር የሚመልስ ይሆናል» ብሎ ይገምታል። ኢንቲጀር 32 ቢት ነው። ፈንክሽኑ በእውነት የሚመልሰው ፖይንተር ከሆነ፣ ፖይንተር ደግሞ 64 ቢት ነውና፣ ኮምፓይለሩ ግማሹን ወስዶ ግማሹን ይጥለዋል። በ1999 የወጣው ሲ99 ስታንዳርድ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ይህን ልማድ ሰርዞታል። ሊኑክስ ላይ የተለመደው ኮምፓይለር ጂሲሲ ግን የቆየ ኮድ እንዳይሰበር ብሎ ከሃያ ዓመት በላይ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ብቻ እየሰጠ አሳለፈው።

መዝገበ ቃላት ፕሮግራም ውስጥ ቃል መቅዳት አይቀርም። ቃል የሚቀዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ በስትርዱፕ ነው፤ ከማሎክ ቦታ ወስዶ የቅጂውን አድራሻ የሚመልስ ፈንክሽን ነው። ሜክፋይሉን (ሜክ የሚከተለውን የመመሪያ ፋይል) ክፈትና ተመልከት። «ዳሽ ኤስቲዲ እኩል ሲ99» የሚል ካገኘህ ሌባው እዚያ ጋ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ስትሪንግ የሚባለውን ሄደር ኢንክሉድ አድርጌዋለሁ፣ እንዴት አልታወጀም?» ይላል። ሄደሩ፣ የፈንክሽኖቹ መግለጫ ፋይል፣ አለ። ነገር ግን ስትርዱፕ የሲ99 አካል አይደለም፤ የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ) ነው፣ ወደ ሲ ስታንዳርድ የገባው በሲ23 ነው። ጥብቅ ሲ99 ስትጠይቅ ሄደሩ ስትርዱፕን ይደብቀዋል። ሊንከሩ (የፕሮግራሙን ክፍሎች የሚያገናኘው) ግን ላይብረሪው ውስጥ ፈልጎ ያገኘዋል። ስለዚህ ኮምፓይልም ሆነ ሊንክ ያልፋል። የሚወድቀው ስታስነሳው ነው።

ታዲያ የጓደኛህ ላፕቶፕ ላይ ለምን ሰራ? ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። «እዚያ ይሰራል» የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታልና።

ኡቡንቱ 14.04 ላይ ተራ ፕሮግራም ሁልጊዜ ሚሞሪ ውስጥ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነበር የሚጫነው። ማሎክ የሚሰጠውም አድራሻ ከዚያው አካባቢ ነው። ጓደኛህ ላፕቶፑ ላይ ጂዲቢ (ፕሮግራምን እያስቆሙ መመርመሪያ) ከፍቶ ቢያይ እንደ 602010 ያለ አጭር አድራሻ ሊያገኝ ይችላል። ስድስት አሃዝ። የላይኛውን ግማሽ ብትቆርጠው የሚጠፋ ነገር የለም፤ ድሮም ዜሮ ነው። ከኡቡንቱ 16.10 ጀምሮ ግን ጂሲሲ ፕሮግራሞችን በነባሪ ፓይ አድርጎ ይሰራቸዋል። ይህም ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር የትም ቦታ ሊጫን እንዲችል የሚያደርግ አሰራር ነው፤ ለሰርጎ ገቦች አድራሻ መገመት ከባድ እንዲሆን የተደረገ። የኡቡንቱ መሠረት የሆነው ዴቢያንም በ2017 በወጣው ስትሬች ይህንኑ አደረገ። ከዚያ ወዲህ አድራሻዎቹ ረዘሙ። ቁጥርህ በየጊዜው የሚለያየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስህተቱ እዚያም ላፕቶፕ ላይ አለ። እዚያ የሚቆረጠው ባዶ ግማሽ ስለሆነ ነው ያልታየው።

ግምት ይበቃል፣ እናረጋግጥ። ሶስት ነገር አድርግ።

መጀመሪያ ሜክ ክሊን በል። ከዚያ እንደገና ሜክ በልና የሚወጣውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ፋይል አስቀምጠው። ሜክ ክሊን ማለቱን አትዝለለው። ሜክ ያልተለወጠ ፋይል ድጋሚ አይነካም። ፋይሉን ካልነካው ደግሞ ዋርኒንጉን አያሳይህም። ለሁለተኛ ጊዜ ሜክ ብሎ «ንጹህ ነው» የሚል ብዙ ተማሪ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ዋርኒንጉ ከመቶ መስመር ጋር ተግተልትሎ አልፏል። አሁን በተቀመጠው ፋይል ውስጥ «ኢምፕሊሲት ዴክላሬሽን» የሚል ፈልግ። «ፖይንተር ፍሮም ኢንቲጀር ዊዝአውት ኤ ካስት» የሚልም ፈልግ። ሁለቱን ስለ አንድ የኮድ መስመር ተከታትለው ካገኘሃቸው ጨርሰናል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ በዓይንህ እየው። ሜክፋይሉ ላይ ዳሽ ጂ እና ዳሽ ኦ ዜሮ ጨምረህ እንደገና ኮምፓይል አድርግ። የመጀመሪያው የመስመር ቁጥርና የቫሪያብል ስም እንዲቀመጥ ያደርጋል። ሁለተኛው ኮምፓይለሩ ኮዱን ለፍጥነት ብሎ እንዳያገላብጠው ያደርጋል። ከዚያ ፕሮግራሙን በጂዲቢ ክፈተው። ብሬክ ስትርዱፕ በል። ራን በል። ሲቆም ፊኒሽ በል። አሁን ስትርዱፕ ጨርሶ መልሱን ራክስ የሚባለው ሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ቁጥር መያዣ) ውስጥ አስቀምጧል። «ፒ ስላሽ ኤክስ ዶላር ራክስ» ብለህ ጠይቀው። እንዲህ ያለ ቁጥር ይሰጥሃል፦

555555559480

ሙሉ ነው፣ አስራ ሁለት አሃዝ። (ፊቱ ላይ ዜሮ ኤክስ ይጨምርበታል፤ ጂዲቢ አድራሻ መበተኑን ስለሚያጠፋው በ5555 መጀመሩ የተለመደ ነው።) አሁን ኔክስት በልና መስመሩን አሳልፈው። ከዚያ ቃሉ የተቀመጠበትን ፖይንተር ፕሪንት አድርገው፦

55559480

አየኸው? የፊተኞቹ አራት አምስቶች የሉም። በሁለቱ መካከል ምን እንደተፈጠረ ካጓጓህ ዲስአሰምብል በል። ስትርዱፕን ከሚጠራው መስመር ቀጥሎ ሲኤልቲኪው የምትባል አንዲት ትንሽ ትዕዛዝ ተቀምጣለች። ስራዋ የሬጂስተሩን የታችኛውን 32 ቢት ብቻ ወስዶ ወደ 64 መለጠጥ ነው። የአድራሻህ ግማሽ የቀረው እዚያች ጋ ነው። ይህችን ትዕዛዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ ያየሁበትን ምሽት አልረሳውም። «ፖይንተር አድራሻ ነው» የሚለውን ትምህርት ቤት የተማርኩትን ነገር የዚያን ቀን ነው በእውነት የገባኝ።

ሶስተኛው ሙከራ አጭር ነው። ኮምፓይል ስታደርግም ሊንክ ስታደርግም ዳሽ ኖ ዳሽ ፓይ የሚለውን ጨምር። አድራሻዎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። ክራሹ በአንዴ ከጠፋ ምርመራችን ትክክል ነው። ግን አደራ፣ እንደ መፍትሔ አድርገህ አትተወው። 128 ኪሎባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ሚሞሪ ስትጠይቅ ማሎክ በነባሪ ከሌላ ከፍ ካለ ቦታ ነው የሚሰጥህ። መዝገበ ቃላቱ አድጎ አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ያስፈለገው ቀን ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ደግሞ መነሻውን ማንም አያስታውሰውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሜክፋይሉ ላይ ሲ99 የሚለውን ጂኤንዩ99 በሚለው ተካው። ወይም በእያንዳንዱ የሲ ፋይል አናት ላይ፣ ከማንኛውም ኢንክሉድ በፊት፣ ጂኤንዩ ሶርስ የሚባለውን ማክሮ ዲፋይን አድርግ (ፊቱ ላይ አንደርስኮር አለው፣ ሁሉም በትልልቁ ፊደል ነው)። ከኢንክሉድ በኋላ ከጻፍከው አይሰራም። ያልታወጀው ፈንክሽን ስትርዱፕ ሳይሆን መምህርህ ራሳቸው በሌላ ፋይል የጻፉት ከሆነ ደግሞ መግለጫውን ሄደር ፋይል ውስጥ አስገባና ሁለቱም ፋይሎች ኢንክሉድ ያድርጉት። እግረ መንገድህን «ዳሽ ዎል» እና «ዳሽ ደብሊው ኤረር እኩል ኢምፕሊሲት ዳሽ ፈንክሽን ዳሽ ዴክላሬሽን» ጨምርበት። ከእንግዲህ ይህ ጉዳይ ዋርኒንግ መሆኑ ይቀርና ኤረር ይሆናል፤ ኮምፓይሉ ራሱ ይቆማል።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ፕሮግራሙ የአማርኛ ነው ብለሃል፣ እኔም ዝም ብል ቅር ይለኛል። ይህኛው ሲስተካከል ሌላ ክራሽ ሊገጥምህ ይችላል። እንግሊዝኛ ቃል ስታስገባ ይሰራል፣ አማርኛ ስታስገባ ይወድቃል። ብዙ ጥሩ ፕሮግራመር እዚህ ላይ «ሊኑክስ አማርኛ አይችልም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሊኑክስ አማርኛ ይችላል። የእኛ ፊደል ከ1999 ጀምሮ፣ ከዩኒኮድ 3.0 አንስቶ፣ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የተሰጡበት ስታንዳርድ) ውስጥ አለ። ችግሩ ያለው ኮዱ ውስጥ ነው።

የዩኒኮድ ፊደላት በባይት በሚጻፉበት ዩቲኤፍ 8 ላይ አንድ የእኛ ፊደል ሶስት ባይት ይወስዳል። «ሰ» ማለት 225፣ 136፣ 176 ነው። «ሀ» ደግሞ 225፣ 136፣ 128። ከዋናው የፊደል ገበታ የትኛውንም ብትወስድ የመጀመሪያው ባይት 225 ነው። አሁን ባለ 256 ክፍል ሰንጠረዥ ያለው ፕሮግራም አስብ። የቃሉን የመጀመሪያ ባይት ወስዶ በሰንጠረዡ ይፈልጋል። ለእንግሊዝኛ ፊደል ቁጥሩ ከ128 በታች ስለሆነ ችግር የለም። ነገር ግን ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽን ላይ፣ በሊኑክስ፣ ሲ ውስጥ ቻር የሚባለው ባለ አንድ ባይት ዓይነት የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ነው። ከ127 በላይ ያለው ሁሉ ኔጌቲቭ ይሆናል። 225 የነበረው −31 ሆነ ማለት ነው። ፕሮግራሙ የሰንጠረዡን −31ኛ ክፍል ይጠይቃል! እያንዳንዱ ክፍል ፖይንተር ከሆነ ከሰንጠረዡ መጀመሪያ 248 ባይት ወደ ኋላ ሄዶ የሌላ ሰው ቤት ያንኳኳል። እዚያ ያገኘውን ቁጥር አድራሻ ነው ብሎ ይቀበላል። አንዳንዴ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛው ይብሳል።

ይህ ስህተት የሚያስገርም ባህርይ አለው። ራስፕበሪ ፓይ ላይ ብታስነሳው ላይታይ ይችላል። አርም ፕሮሰሰር ባለው ሊኑክስ ላይ ቻር በነባሪ ምልክት የለውም፣ 225 እንደ 225 ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ማሽን ላይ «አማርኛ ይሰራል»፣ ሌላው ላይ «አይሰራም» እየተባለ ሰው ይጨቃጨቃል። ለመለየት «ዳሽ ኤፍ አንሳይንድ ዳሽ ቻር» ጨምረህ ኮምፓይል አድርግ። ከጠፋ አገኘኸው። ማስተካከያው ግን ባይቱን ለሰንጠረዥ ቁጥርነት ከመጠቀምህ በፊት ወደ አንሳይንድ ቻር መለወጥ ነው።

የዚህ ስህተት ወንድም የቦታ ጉዳይ ነው። «ቃል ከሃያ ፊደል አይበልጥም» ብሎ ሃያ ባይት ያዘጋጀ ሰው ለእኛ ቃል የሚበቃ ቦታ አላዘጋጀም። «ኢትዮጵያዊነት» ስምንት ፊደል ነው። 24 ባይት ነው። ማብቂያው ዜሮ ሲጨመር 25። ስድስት ፊደል ያለው ቃል በጭንቅ ይገባል፣ ሰባተኛው ላይ ይፈስሳል። የሚፈስሰው ደግሞ ጎረቤቱ ያለው ዳታ ላይ ነው። ስለዚህ ስትርኮፒ (የቦታ ስፋት ሳያይ ቃል የሚቀዳ ፈንክሽን) የሚለውን ኮዱ ውስጥ በሙሉ ፈልገህ የየመድረሻውን ስፋት ተመልከት። እንዲህ ያለው ክራሽ ኡቡንቱ ላይ ብዙ ጊዜ መልኩ ይለያል። «በፈር ኦቨርፍሎው ዲቴክትድ» ወይም «ስታክ ስማሺንግ ዲቴክትድ» ብሎ ራሱን ያቆማል። ይህን ካየህ ደስ ይበልህ፤ ጥበቃው ስራውን እየሰራ ነው።

ለሁለቱም ስህተቶች ከእጄ የማልለየው መሣሪያ አድሬስ ሳኒታይዘር ነው። ጂሲሲ ውስጥ ከ4.8 ጀምሮ አለ፣ ምንም መጫን አያስፈልግህም። «ዳሽ ኤፍ ሳኒታይዝ እኩል አድሬስ» ከዳሽ ጂ ጋር ኮምፓይልም ሊንክም ላይ ጨምር። ፕሮግራሙ በግምት በግማሽ ፍጥነት ይሰራል፣ ግን ከሰንጠረዡ ወይም ከተዘጋጀው ቦታ አልፎ የነካ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያስቆመውና የፋይሉን ስም ከነመስመር ቁጥሩ ይነግርሃል። ቫልግራይንድ የሚባለው ሌላ የሚሞሪ መመርመሪያም ጥሩ ነው፤ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ አይጠይቅም። ቀርፋፋነቱ ግን በብዙ እጥፍ ነው፣ ስታክ ላይ ያለ ወይም ግሎባል የሆነ ሰንጠረዥ ሲጣስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያይም። ሁለቱን አንድ ላይ አትጠቀም።

አሁን ለአንተ ባይሆንም ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰው ጥቂት ልበል። ፕሮግራም ሲወድቅ አሟሟቱን ጠይቁ። ወዲያው ኤኮ ዶላር ጥያቄ ምልክት ብላችሁ የመውጫ ቁጥሩን እዩ። ከ128 በላይ ከሆነ 128ን ቀንሱ፤ የቀረው የሲግናሉ (ፕሮግራሙን ያስቆመው ምልክት) ቁጥር ነው። 139 ካየን የቀረው 11 ነው፣ ሴግመንቴሽን ፎልት። 134 ከሆነ ፕሮግራሙ ወይም ላይብረሪው ራሱ ነው ያቆመው፤ ከሱ በላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 136 ብዙ ጊዜ ለዜሮ ማካፈል ነው። 132 ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትዕዛዝ ደረሰው ማለት ነው። አዲስ ማሽን ላይ «ዳሽ ማርች እኩል ኔቲቭ» ተብሎ ኮምፓይል የሆነ ፕሮግራም ወደ አሮጌ ሰርቨር ሲገለበጥ የሚሆነው ይህ ነው፤ ያችን አማራጭ አውጥቶ እንደገና መስራት ይበቃል። 137 ከሆነ ደግሞ ስህተቱ ኮዱ ውስጥ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሚሞሪ አልቆ ከርነሉ ገድሎት ነው፣ ዲሜሴጅ ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ብሎ ጽፎት ታገኛላችሁ።

«ኮር ደምፕድ» ይላል፣ ፋይሉ ግን የለም ብለው የሚጨነቁም አሉ። ኡቡንቱ ላይ ኮሩ (ፕሮግራሙ ሲወድቅ የነበረው የሚሞሪ ቅጂ) አፖርት ለሚባል ፕሮግራም ነው የሚሰጠው። አፖርት ደግሞ ከፓኬጅ ያልመጣ፣ በእጅ የተሰራ ፕሮግራም ሪፖርት በነባሪ አያወጣም። ፍለጋ ውስጥ አትግቡ። በጂዲቢ ውስጥ አስነሱትና ሲወድቅ ቢቲ በሉ። ባክትሬሱ፣ ማለትም እስከ ውድቀቱ የተጠሩት ፈንክሽኖች ዝርዝር፣ እዚያው ይወጣል።

አንድ የራሴን ልጨምር፣ ብዙ እንቅልፍ የወሰደብኝ ነውና። አንድ ድርጅት ውስጥ ስሰራ የአንድ ላይብረሪ አዲስ እትም ከምንጭ ኮዱ ሰርቼ ጫንኩ። የእኛ ፕሮግራም ኮምፓይል ሆነ፣ ሲነሳ ወደቀ። ሶስት ቀን የራሳችንን ኮድ መስመር በመስመር አነበብኩ። ምንም የለም። በአራተኛው ቀን ኤልዲዲ ብዬ ፕሮግራሙ በእውነት የሚከፍተው የትኛውን ላይብረሪ እንደሆነ ጠየቅኩ። ከሲስተሙ ጋር የመጣውን አሮጌውን ነበር። ኮምፓይለሩ ሄደሩን ያነበበው ዩኤስአር ሎካል ስር ካለው ከአዲሱ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያገኘው ግን አሮጌውን ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ስትራክቸር ላይ አንድ ፊልድ ተጨምሯል። አዲሱ «ሶስተኛው ፊልድ» የሚለውን አሮጌው «ሁለተኛው» ይለዋል። ከሜክ ኢንስቶል በኋላ ሱዶ ኤልዲኮንፊግ ማለት ረስቼ ነበር፣ ስለዚህ ሲስተሙ የላይብረሪ ዝርዝሩን አላደሰም። አንዲት ትዕዛዝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮድ ከማንበቤ በፊት ኤልዲዲ እላለሁ። ለአንተም ፕሮግራሙ ውጪያዊ ላይብረሪ የሚጠቀም ከሆነ እንደዚሁ አድርግ፤ አስር ሰከንድ አይፈጅም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ዛሬ ማታ ሜክ ክሊን ብለህ ዋርኒንጎቹን ሰብስብ። ኢምፕሊሲት የሚለውን ካገኘህ ከላይ እንዳልኩህ አስተካክለውና አማርኛ ቃል አስገብተህ በሳኒታይዘር ሞክረው። ካላገኘኸው ወይም አስተካክለህ አሁንም ከወደቀ ሶስት ነገር ላክልኝ፦ ሙሉውን የሜክ ጽሑፍ፣ የጂዲቢውን ባክትሬስ፣ የኤልዲዲውን ውጤት። አሳጥረህ አትላክ። «አላስፈላጊ» ብለህ የምትቆርጠው መስመር እኔ የምፈልገው ሊሆን ይችላል።

ለመምህርህም ያስተካከልከውን ላክላቸው፣ ምክንያቱንም ጨምረህ። ኮዱ በጻፉበት ጊዜ ሲሰራ አይተውታል፣ አሁን ለምን እንደወደቀ ማወቅ ደስ ይላቸዋል። በ2024 ከወጣው ጂሲሲ 14 ጀምሮ ደግሞ ያልታወጀ ፈንክሽን በነባሪ ኤረር ሆኗል። ስለዚህ አሁን ሳይስተካከል ከቀረ፣ ከአንተ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ አዲስ ማሽን ላይ ኮምፓይል እንኳ ማድረግ አይችልም።